ሬቸል ካርሰን፦ ቤተሰብ እያስተዳደረች ለንብና ለወፍ የተሟገተችው ሴት



ዓይን ኤል ረማነህ በዓረብኛ የሮማን ምንጭ ማለት ነው። ዛሬ ሰፈሩ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ሮማን የሚታየው አትክልት ሻጩ ጋ ነው። ቢሆንም በረንዳ ላይ ባሉት የአበባ መትከያዎች ንብ አትጠፋም። ሙቀት ሲጀምር ደግሞ በብዙ ቤት ማዳም ፍሊት ታወጣለች። ኩሽናው ይረጫል፣ በረንዳው ይረጫል፣ አበባውም አብሮ ይረጫል። በረሮውም ይሞታል፣ ንቧም ትሞታለች።

ለመሆኑ ይሄ የምንረጨው ነገር ጠላትና ወዳጅ ይለያል? ይህን ጥያቄ ዓለም ሁሉ እንዲሰማው አድርጋ የጠየቀች አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ ሬቸል ካርሰን ይባላል። አሜሪካዊት ናት፣ ከሞተች ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል። ታሪኳን ዛሬ የምናነሳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ኑሮዋ የብዙዎቻችንን ይመስላል፤ በአንድ ሴት ደመወዝ ብዙ ሰው የሚኖርበት ቤት ነበራት። ሁለተኛ፣ ከዚህ የምንልከው ገንዘብ አገር ቤት ደርሶ ከማዳበሪያው ጋር የተባይ መድኃኒትም ይገዛል። ስለዚህ ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቷ

ሬቸል የተወለደችው ሜይ 27 ቀን 1907 ፔንሲልቫንያ በሚባለው ግዛት፣ ስፕሪንግዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ለቤተሰቡ ከሦስት ልጆች የመጨረሻዋ ናት። ወደ 26 ሄክታር የሚሆን መሬት ቢኖራቸውም ሀብታም አልነበሩም። በቤቱ ውስጥ የውኃ ቧንቧ እንኳን አልነበረም። እናቷ ማሪያ ግን ልጇን ይዛ ጫካ ለጫካ እየዞረች የወፉን ስም፣ የአበባውን ስም፣ የነፍሳቱን ዓይነት ታስተምራት ነበር።

ልጅቷ መጻፍ ትወድ ነበር። በ11 ዓመቷ የጻፈችው ታሪክ በልጆች መጽሔት ላይ ታተመላት። ኮሌጅ ስትገባም ሐሳቧ ደራሲ ለመሆን ነበር። እናቷ ክፍያውን ለመሙላት ፒያኖ እያስተማረች፣ የቤት ዕቃ ሳይቀር እየሸጠች ትረዳት ነበር። ኮሌጅ ውስጥ አንዲት የባዮሎጂ መምህርት አግኝታ ልቧ ወደ ሳይንስ አዘነበለ። በ1929 ተመረቀች፣ በ1932 ደግሞ ጆንስ ሆፕኪንስ ከሚባለው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። ዶክተር ለመሆን መቀጠል ፈልጋ ነበር። ነገር ግን ቤት ውስጥ ገንዘብ አልነበረም። ትምህርቱን አቋርጣ ሥራ ፍለጋ ወጣች።

የአንድ ሴት ደመወዝ

በ1935 አባቷ ሞተ። እናትን የመጦር ኃላፊነት በሬቸል ላይ ወደቀ። የመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ስለ ባሕር ፍጥረታት የሚተላለፍ የሬዲዮ ፕሮግራም የሚጽፍለት ሰው ይፈልግ ነበር፤ እዚያ በትርፍ ሰዓት ጀመረች። በሚቀጥለው ዓመት ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አልፋ ቋሚ ሠራተኛ ሆነች። በዚያ ዘመን በሳይንስ ሙያ ሴት መቅጠር ብርቅ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1937፣ እህቷ ሁለት ሴት ልጆች ትታ አረፈች። ልጆቹን የወሰዱት ሬቸልና እናቷ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ቀን ቢሮ ትሠራለች፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ለጋዜጣና ለመጽሔት ትጽፋለች። አላገባችም፣ የራሷም ልጅ አልነበራትም፤ ግን የቤት ወጪ አንድም ቀን አልቀለላትም።

የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1941 ወጣ። ወዲያው አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ስለገባች መጽሐፉን ዞሮ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። አሥር ዓመት ቆይታ በ1951 ስለ ባሕር የጻፈችው ሁለተኛው መጽሐፍ ግን በጣም ተነበበ፣ ትልቅ የአገር ሽልማትም አገኘ። በዚያ ገንዘብ በ1952 ቢሮውን ለቃ ሙሉ ጊዜዋን ለጽሑፍ ሰጠች። አሁንስ ተገላገለች ሲባል በ1957 ካሳደገቻቸው የእህቷ ልጆች አንዷ ሞተች። አምስት ዓመት የሆነው ሮጀር የሚባል ልጅ ቀረ። ሬቸል ወደ 50 ዓመቷ ተጠግታ ነበር፤ ልጁን እንደ ልጇ አድርጋ ወሰደችው።

ዲዲቲ የተሞገሰበት ዘመን

በዚያን ጊዜ ዓለም ሁሉ የሚያወራው ስለ ዲዲቲ ነበር። ነፍሳትን የመግደል ኃይሉን በ1939 ያገኘው ፓውል ሙለር የተባለ የስዊስ ኬሚስት ነው፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። በጦርነቱ ጊዜ ተስቦ የሚያመጣውን ቅማል አጥፍቶ ብዙ ሕይወት አድኗል። በወባ ላይም ጥሩ ሠርቷል። ይህ እውነት ነው፣ መካድ አይገባም።

ችግሩ የመጣው ጦርነቱ ሲያበቃ ነው። የተረፈው ሁሉ ወደ እርሻና ወደ መኖሪያ ሰፈር ዞረ። አውሮፕላን እየተነሳ ጫካውን፣ ማሳውን፣ ከተማውን ይረጭ ጀመር። ከታች ሰው አለ፣ ቀፎ አለ፣ ኩሬ አለ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሬቸል ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያሰበችው ገና በ1945 ነበር፤ ሐሳቡን ያቀረበችለት መጽሔት አልፈልግም ስላላት ተወችው።

በ1958 መጀመሪያ ላይ ከማሳቹሴትስ ግዛት ኦልጋ ሀከንስ የምትባል ወዳጇ ደብዳቤ ላከችላት። ኦልጋ በግቢዋ አካባቢ ወፎች በነፃነት የሚኖሩበት ቦታ ነበራት። ትንኝ ለማጥፋት ተብሎ አውሮፕላን ሲረጭበት ወፎቹ ሞቱ። ንቦችና ማንንም የማይጎዱ ሌሎች ነፍሳትም ጠፉ። ትንኞቹ ግን አልጠፉም ነበር። ሬቸል ይህን ካነበበች በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም። ሌላ የሚጽፍ ሰው ፈልጋ ነበር፤ አጥታ ራሷ ጀመረችው።

መጽሐፉ ምን ይላል?

አራት ዓመት ፈጀባት። ከሳይንቲስቶች፣ ከሐኪሞች፣ ከመንግሥት ሠራተኞች በመቶ የሚቆጠር ማስረጃ ሰበሰበች። መጽሐፉ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1962 ወጣ። ስሙ ሳይለንት ስፕሪንግ ነው፤ ወደ እኛ ሲመለስ ዝም ያለ ጸደይ እንደ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ወፍ የማይዘምርበትን የአበባ ወቅት ከማሰብ ነው። ለእኛ አደይ አበባ ፈንድቶ ወፍ የማይሰማበት፣ ንብ የማይታይበት መስከረም እንደ ማለት ነው።

መጽሐፉ ካስረዳቸው ነገሮች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ፣ መርዙ አይመርጥም። ተባዩን የሚገድለው ኬሚካል ንቡንም፣ ቢራቢሮውንም፣ ሸረሪቱንም ይገድላል። ንብ ከሞተች የጉዳቱ መጠን በማሩ ብቻ አይቆምም። የፖም ዛፍ አበባ ቢያወጣም የአበባ ዱቄቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ ከሌለ ፍሬው ይጠፋል። በ1957 በኒውዮርክ አካባቢ የዛፍ ትል ለማጥፋት ከአውሮፕላን በተረጨው ዲዲቲ ንብ አርቢዎች ብዙ ቀፎ አጥተዋል።

ሁለተኛ፣ ተባይ የራሱ ጠላት አለው። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላትን ትንሿን ጥንዚዛ ታውቋታላችሁ። እሷ የምትበላው ቅጠል ላይ ተጣብቆ የሚመጠውን ክሽክሽ ነው። መድኃኒቱ ሲረጭ ሁለቱም ይሞታሉ። ክሽክሹ ግን ቶሎ ይራባል፤ ጥንዚዛዋ ቀስ ብላ ነው። ስለዚህ ተባዩ ሲመለስ የሚበላው ጠላት ሳይኖር ከበፊቱ በልጦ ይመጣል። በ1956 በምዕራብ አሜሪካ ከ350 ሺህ ሄክታር በላይ ጫካ ዲዲቲ ተረጨበት። የተፈለገው ትል ቢቀንስም በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተባይ፣ ሸረሪት የምትመስል በዓይን በጭንቅ የምትታይ ቅጠል መጣጭ፣ ጫካውን ወረረችው። እሷን የሚበሏት ነፍሳት በመድኃኒቱ አልቀው ነበርና።

ሦስተኛ፣ ተባዩ መርዙን ይለምደዋል። ከተረጨበት መካከል ጥቂት ጠንካሮች ይተርፋሉ፤ የሚራቡት እነሱ ናቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ መድኃኒቱ ምንም አያደርጋቸውም። ገበሬው መጠኑን ይጨምራል፣ ቀጥሎ የባሰ መርዝ ይገዛል።

አራተኛ፣ መርዙ አፈር ውስጥ ይቆያል፣ ከአንዱ ፍጥረት ወደ ሌላው ይተላለፋል። የተረጨው ቅጠል ይረግፋል፣ ትሉ ይበላዋል፣ ወፏ ትሉን ትበላለች፣ ትሞታለች።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሬቸል ጭራሽ አይረጭ አላለችም። ሰው በወባ ይሙት አላለችም። የጠየቀችው ሳናውቅና ሳንመዝን በጅምላ አንርጭ፣ የሚረጭበት ሰው ምን እንደሚረጭበት የማወቅ መብት ይኑረው ነው።

በሽታና ስድብ

ይህን ሁሉ የጻፈችው ታማ ነው። በ1960 ጡቷ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሟ ካንሰር መሆኑን አልነገራትም፤ በዚያ ዘመን ለሴት ሕመምተኛ እውነቱን መደበቅ የተለመደ ነበር። ያወቀችው ወራት ካለፉ በኋላ ሌላ ሐኪም ጋ ሄዳ ነው። ያኔ በሽታው ተሰራጭቷል። ለቅርብ ወዳጆቿ ካልሆነ ለማንም አልተናገረችም፤ የኬሚካል ኩባንያዎቹ ሰምተው በበሽታዋ ተናዳ ነው የጻፈችው እንዳይሉ ፈራች።

ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም። አንድ የኬሚካል ኩባንያ መጽሐፉ ገና ሳይወጣ አሳታሚውን በክስ አስፈራራ። ሌሎቹም ብዙ ገንዘብ አውጥተው የተቃውሞ ጽሑፍ በተኑ። ዶክተር አይደለችም አሉ፣ ስሜታዊ ሴት ናት አሉ፣ ያላገባች መሆኗን ሳይቀር እንደ ነቀፋ አነሱባት። እሷ ግን አልተሳደበችም። ማስረጃዋን ይዛ ቀረበች። ኤፕሪል 3 ቀን 1963 በቴሌቪዥን ስትናገር ሚሊዮኖች አዩዋት፤ ፀጉሯ በሕክምናው ስለረገፈ ዊግ አድርጋ ነበር።

ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ጉዳዩን የሳይንስ አማካሪዎቻቸው እንዲያጠኑት አዘዙ። ሜይ 15 ቀን 1963 የወጣው ሪፖርት አብዛኛውን ነገር እሷ እንዳለችው ሆኖ አገኘው። በጁን ወር በኮንግረስ ፊት ቀርባ ምስክርነት ሰጠች። ከአሥር ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1964፣ በ56 ዓመቷ አረፈች። 12 ዓመት የሆነውን ሮጀርን የመጽሐፏ አርታኢና ባለቤቱ ወስደው አሳደጉት።

የድካሟን ፍሬ አላየችም። አሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው በ1970 ነው። ዲዲቲን ለእርሻ እንዳይውል የከለከለችው በ1972 ነው። በ1980 ከሞተች ከ16 ዓመት በኋላ የአገሪቱ ትልቁ የሲቪል ሜዳልያ ተሰጣት። በ2001 ደግሞ ብዙ አገሮች በስቶክሆልም ስምምነት ተስማሙ፤ ዲዲቲ ወባን ለሚያስተላልፉና ለመሳሰሉት ነፍሳት ካልሆነ በቀር እንዳይረጭ ተወሰነ። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት።

ወደ አገራችን ስንመጣ

በ1958 ኢትዮጵያ ውስጥ ወባ ተነስቶ ወደ 150 ሺህ የሚገመት ሰው ፈጅቷል። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። የቆላ ልጆች የሆናችሁ የወባ ሠራተኞች ጀርባቸው ላይ መርጫ አዝለው የቤቱን ግድግዳ ሲረጩ ታስታውሱ ይሆናል። ያ ሥራ ሕይወት አድኗል። ነገር ግን ሬቸል የፈራችው ደረሰ፤ ትንኟ ዲዲቲን ለመደችው። በ2009 አካባቢ አገሪቱ ለቤት ርጭት ወደ ሌላ መድኃኒት ዞረች። ለግድግዳ የመጣው ዲዲቲም አንዳንድ ቦታ በስውር ወደ ጫት ማሳና ወደ እርሻ ይወጣ ነበር።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ስም ያላቸው መድኃኒቶች አሉ። ገበሬው ማላታይን፣ ካራቴ እያለ የሚያውቃቸው ሁለቱም ንብ ይገድላሉ። ቤት ውስጥ የምንረጨው ፍሊትም አብዛኛው ከካራቴ ጋር የአንድ ቤተሰብ ኬሚካል ነው። ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባለው ደግሞ በትንሽ መጠን ንቧን ወዲያው ባይገድላትም መንገድ ያስታታል፤ ለቀሰም ወጥታ ቀፎዋን አታገኝም። የአውሮፓ ኅብረት ይህንና ሁለት ዘመዶቹን በ2018 ከቤት ውጭ ማሳ ላይ እንዳይረጩ ከልክሏል።

የአረም መድኃኒቱም አለበት። ጤፍ ውስጥ ያለውን ሰፊ ቅጠል አረም ሲያጠፋ ንብ የምትቀስመውን አበባም አብሮ ያጠፋል።

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ማር በማምረት አንደኛ ናት። የጎጃም ማር ስም ያለው ነው። ግን ማሩ ይቅርና ሰብሉን ተመልከቱ። ጤፍና ስንዴ ንብ አይፈልጉም። ኑግ ግን ይፈልጋል፤ የራሱን የአበባ ዱቄት ስለማይቀበል ከሌላው ተክል የሚያደርስለት ንብ ነው። ዱባም ወንዱና ሴቷ አበባ ለየብቻ ስለሆኑ ያለ ንብ አያፈራም። ባቄላውም፣ ቡናውም ንብ ሲኖር የተሻለ ይሰጣል። ስለዚህ ቀፎ የሌለው ገበሬም የጎረቤቱ ንብ ሲሞት ይጎዳል፤ ኑጉ ለምን ፍሬ እንዳልያዘ ግን ላይገባው ይችላል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

አገር ቤት ስትደውሉ ለአባት፣ ለወንድም ይህን ንገሩ፦

• ሰብሉ አበባ ላይ ሳለ አይረጭ። ንብ የምትበዛው ያኔ ነው።

• የግድ ከሆነ ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ንብ ወደ ቀፎዋ ስትመለስ፣ ነፋስ በሌለበት ይረጭ።

• ከአንድ ቀን በፊት ቀፎ ላለው ጎረቤት ይነገር። ቀፎውን ያርቃል፣ ወይም መግቢያውን አየር በሚያሳልፍ ነገር ይሸፍናል።

• ከመርጨት በፊት ቅጠሉ ይታይ። ጥንዚዛና ሸረሪት ካሉ ጥቂቱን ተባይ እነሱ ይጨርሱታል። ስለ መድኃኒቱ ዓይነትና መጠን የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ነው እንጂ ሻጩን ብቻ ማመን ጥሩ አይደለም።

• የመድኃኒት ጄሪካን ታጥቦ ለውኃ ወይም ለዘይት አይሁን። በፍጹም።

እዚህ ቤሩት ላለነው ደግሞ፦

• በረንዳ ላይ ያለው አበባ ክሽክሽ ከያዘው ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ በጥብጦ ማታ ቅጠሉን መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ማዳም ፍሊት ካለች ይህን መጀመሪያ እንሞክር ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

• ኩሽና ከተረጨ ምግቡና ሳህኑ ይሸፈን፣ ሕፃን ይውጣ፣ መስኮት ይከፈት። ጓንት አድርጉ፣ ጠቦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አትርጩ፣ ስትጨርሱ እጅና ፊት በሳሙና ታጠቡ። ክፍላችሁ ከተረጨ ሳይናፈስ አትተኙበት።

• ፍሊት ከክሎር ወይም ከሌላ ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ።

• ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ካስመለሳችሁ ወይም ዓይናችሁ ካቃጠላችሁ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጡ። ካልተሻላችሁ የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 140 ነው። የመድኃኒቱን ጣሳ ወይም ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙ ይጠቅማል።

ሬቸል ካርሰን እናትና ልጆች እያስተዳደረች፣ ታማም ቢሆን፣ ጥያቄዋን አልተወችም። ዘንድሮ ለመስኖው ወይም ለክረምቱ እርሻ ገንዘብ የምትልኩ ከሆነ፣ ከዚህ ገንዘብ የትኛው መድኃኒት እንደሚገዛ፣ መቼ እንደሚረጭ፣ ቀፎ ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ።